የሰፊዋ ኮክና የጎረቤት ፒር

የጎረቤቷን በር ሦስቴ አንኳኳችና ከውስጥ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሲጎተት ስትሰማ ሮጣ ተመለሰች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ ሱሪ የሚያሳጥርባት ልብስ ሰፊ ናት። ግን ልክ እንደ ሰፈር ውሪ የሰው በር አንኳኩታ ሮጠች። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ስፒሎቿ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ፣ በግራ እግሯ የራሷን ጫማ በቀኝ እግሯ የአማቷን አጥልቃ። ግቢዋ ገብታ የብረት በሩን በጀርባዋ ዘጋችና እዚያው ተደግፋ ቆመች።

"ምን አሉሽ?" አሉ አማቷ በመስኮት።

"የሉም መሰለኝ፣ እማዬ።"

"ኮቴያቸውን እኔ እዚህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ጉልበቴ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። ደግሞ ጫማዬን መልሺ።"

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። ችግኝ ጣቢያው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። በዚህች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሰፊዋ አንድ ነገር ማወቅ አለባት፦ ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤት ፒር ዛፍ ይቆያል ወይስ ይቆረጣል። ከቆየ ጓሮ ባልዲ ውስጥ ያለው የኮክ ችግኟ ይተከላል። የሚቆረጥ ከሆነ ኮኩ ዛሬውኑ ወደ ችግኝ ጣቢያው ይመለስና በምትኩ ሌላ ፒር ይመጣል። ኮኩ ደግሞ የእሷ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ "ይሄ ይሁንልኝ" ብላ የጠየቀችው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

እዚህ ቤት ከገባች አሥራ አራት ዓመት ሆናት። ቤቱ የአማቷ ነው። መጋረጃውን የመረጡት አማቷ ናቸው፤ የግድግዳውን ቀለም የመረጡት አማቷ ናቸው፤ የእሷና የባሏ አልጋ ራስጌው በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ቀድመው ስለሚናገሩ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይበላል፣ ይተኛል፣ የተበላሸ ቧንቧ ያጠብቃል፣ ይሄዳል። የስፌት መኪናዋ ያለው በሳሎኑና በወጥ ቤቱ መሀል ባለች ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ነው። ሰው ማለፍ ሲፈልግ እሷ ወንበሯን ይዛ ትነሳለች። በቀን ስንት ጊዜ ቁጭ ብድግ እንደምትል እሷና ጉልበቷ ናቸው የሚያውቁት።

ለሰው ስትመርጥ ግን ሌላ ሴት ናት። አንዷ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ከእግር እስከ ራሷ አንዴ ታያትና "ይሄ ላንቺ አይሆንም፤ ፊትሽን ያጠቁርብሻል" ትላለች። መቀሱን ስታሳርፍ እጇ ንቅንቅ አይልም። መላ ቅጡ የሚጠፋባት የራሷ ነገር ሲሆን ነው። ለታናሽ እህቷ ሠርግ ለራሷ ቀሚስ ስትሰፋ ኮሌታውን አራት ጊዜ ፈትታ አራት ጊዜ ሰፍታ፣ መጨረሻ ላይ የሰው ቀሚስ ተውሳ ሄዳለች።

ጓሮ የነበረው ዝገት የበላው የውሃ ታንከር ተነቅሎ ሲወጣ ነው ቦታ የተገኘው። ባሏ ጓሮውን በእርምጃ ለካና "ሁለት ዛፍ ይችላል" አለ። "ከዚያ በላይ ከተተከለ እርስ በርስ ይጣላሉ።"

"ፒር" አሉ አማቷ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። "ለስላሳ ነው፤ ለድዴ ይመቻል።"

"እሺ፣ አንዱ ፒር። ሌላውስ?"

ከዚያ ከኮሪደሩ ድምፅ መጣ። "ኮክ።"

እናትና ልጅ የስፌት መኪናው ራሱ የተናገረ ይመስል ዞረው አዩዋት። ሰፊዋ ደነገጠች፤ ግን ቃሉ ከአፏ ወጥቷል። ባሏ ሳቀና "ይሁንላት እንጂ" አለ። አማቷ ምንም አላሉም። እሳቸው ዝም ሲሉ አንድም ተስማምተዋል፣ አንድም ገና እያሰቡበት ነው።

ለምን ኮክ? ሙያ ስትማር የሠራችበት ልብስ ስፌት ቤት መስኮቱ ላይ የተጋደመ የኮክ ዛፍ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ማንም እንዳይነካ ብላ ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ ስትወጣ ሰፊዋ አንዱን ቀጥፋ ገመጠች፤ ጭማቂው በክንዷ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው ሐር ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮክ በልታ ታውቃለች፤ ግን እንደ ሌባ አጎንብሳ፣ እጇን ከአገጯ ሥር ዘርግታ ነው የምትበላው። አንድ ቀን ጓሮዋ ቆማ፣ እጇን ሳትዘረጋ፣ ጭማቂው ወደፈለገበት ሲፈስ መብላት ትፈልጋለች። በቃ ይሄው ነው። ለማንም አልተናገረችም። ቢነገር ያስቃል።

ችግኝ ጣቢያው የሚሠራው ሰው ጢሙ ላይ አፈር የማይጠፋ፣ ስለ ዛፍ ሲያወራ የጎረቤት ልጅ የሚያማ የሚመስል ሰው ነው።

"ነጩ ኮክ ሥጋው ማር ነው፤ ግን ጣት ያረፈበት ሁሉ ይጠቁራል፣ ቅምጥል ነው። ቢጫው ጠንከር ያለ ነው። ደግሞ ዘሩ ከሥጋው ተላቆ ውልቅ የሚል አለ፣ ሙጭጭ የሚል አለ። ቀድሞ የሚያብበውን ከወሰድሽ የመጨረሻው ውርጭ ያገኘውና አበባውን ያረግፈዋል። ቤትሽ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አለ?"

አለ። ቢጫውን አለች። ታክሲ ውስጥ ሆና ነጩን አሰበች። በማግስቱ ተመልሳ ነጩን አለች። ቤት ስትደርስ ስለ ውርጩ አሰበች። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ሰውየው አካፋውን ተደግፎ ጠበቃት።

"እህቴ፣ ባልሽን እንዲህ ነው የመረጥሽው?"

"እሱን የመረጡልኝ እናቱ ናቸው።"

ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ በሳቁ መሀል "ነጩ፣ ዘግይቶ የሚያብበው፣ ዘሩ የሚላቀቀው" አለችና ቶሎ አፏን ዘጋች።

ከዚያ የፒሩ ነገር መጣ።

"ፒር ስንት?" አላት።

"አንድ።"

"አንድ ብቻውን ምን ያደርግልሻል? ኮክ ራሱን የቻለ ነው፤ ለብቻው ተክለሽው ያፈራል። ፒር እንደዚያ አይደለም። ንቧ ከሌላ ዓይነት ፒር አበባ ላይ ዱቄቱን ካላመጣችለት አበባውን አሳይቶሽ ባዶ እጅሽን ይሰድሻል። የራሱ ዓይነት ቢሆንም አይሆንም፤ ሌላ ዓይነት መሆን አለበት፣ ደግሞ እኩል ማበብ አለባቸው። ወይ ሁለት ፒር ትከዪ፣ ወይ ጎረቤት ፒር ይኑረው።"

"ጎረቤት አለው" አለች ሳታስብ።

"መቼ ነው የሚያብበው?"

እዚህ ላይ ነው ፊቷ የተለዋወጠው። ምክንያቱም ጎረቤቷን ካናገረቻቸው አራት ዓመት ሆኗል፤ ያላናገረቻቸውም በዚያው ዛፍ አበባ የተነሳ ነው።

ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ የኳስ ዳኛ ናቸው። ሰፈሩም "ዳኛው" ነው የሚላቸው፤ ዛሬም ሲሄዱ ወደ ኋላ ወደ ኋላ የመራመድ ልማድ አላቸው። ያን ዓመት ሰፊዋ ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ ጥቁር ከፋይ ቀሚስ ሰፍታ፣ በእንፋሎት ተኩሳ፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ጓሮ ሰቀለችው። ነፋስ መጣ። ስትመለስ ቀሚሱ ከላይ እስከ ታች ነጭ የአበባ ቅጠል ተለጥፎበታል፤ ከከፋይ ላይ በስፒል አንድ በአንድ ካልሆነ አይነሳም። የቀሚሱ ባለቤት በር ላይ ቆማለች። ሰፊዋ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጮኸች። ዳኛው ከማዶ ሆነው "ለነፋስ ቀይ ካርድ አልሰጥም፣ ልጄ" አሉ፣ ሊያስቋት። እሷም ንዴቷ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ "እርስዎ ድሮም ዓይንዎ አያይም" አለቻቸው።

ለሌላ ሰው ቢሆን ተራ ስድብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታዲየም ያንኑ ሲጮህባቸው ለኖሩ ሰው ግን ቢላዋ ነው። ሰውየው ወደ ቤት ገቡ። በሳምንቱ ወደ እሷ ግቢ የዘመመውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትፈልጋለች፣ እሳቸው ሰማዩን ያያሉ።

ስለዚህ መቼ እንደሚያብብ እንዴት ትጠይቃቸው? ቤት ገብታ ስትብሰለሰል ቆየችና የልክ ደብተሮቿን አወጣች። ወገብ ስንት፣ ዳሌ ስንት፣ እጅጌ ስንት የምትጽፍባቸው ናቸው። ከዚያ ጥል በኋላ በየዓመቱ የአበባው ወቅት ሲመጣ "ውስጥ ይሰቀል" እያለች ከደንበኛዋ ስም አጠገብ ትጽፍ ነበር፣ ከነቀኑ። የአራት ዓመቱን ሁሉ አገኘችው። የመጀመሪያው "ውስጥ ይሰቀል" አበባው መርገፍ የጀመረበት ነው፤ የመጨረሻው ያለቀበት። ደብተሮቹን በፌስታል ይዛ ችግኝ ጣቢያው ስትመጣ ሰውየው ጢሙን እያከከ አገላበጠ።

"ይሄ የማን ዳሌ ነው? መቶ አሥራ ስምንት?"

"አይመለከትህም፤ ቀኑን እይ።"

አየ። "መካከለኛ ነው። ቀድሞም አያብብም፣ ዘግይቶም አያብብም። እንግዲያው አንገተ ረጅሙን ፒር ውሰጂ፤ እኩል ያብባሉ። በአፈጣጠሩ ሌላ ዓይነት መሆኑንም ፍሬውን ስትነግሪኝ አውቄያለሁ፤ የጎረቤትሽ ፍሬ ክብ ነው።" ከዚያ ደብተሩን እየመለሰላት "የኔ ሰዎችም እንዲህ አድርገው አልመዘገቡም" አለ።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሁለቱን ችግኝ፣ ሥራቸው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በታክሲ ጭና መጣች። ባሏ ከመሄዱ በፊት ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር። መትከል የነበረባት ያን ዕለት ነው። ግን አንዱን ቀሚስ ልጨርስ አለች፣ ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ከዚያ ኮኩ ከግድግዳው አጠገብ ይሁን ወይስ ከአጥሩ አጠገብ እያለች ሦስት ቀን ስትንቆራጠጥ ቆየች። ችግኞቹ ባልዲ ውስጥ ቆመው ያዩዋታል።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ አማቷ ከመስኮታቸው ጠሯት። "ነይማ እዪ። አንድ ሰውዬ ሜትር ይዞ ዳኛው ግቢ ገብቷል።"

ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቀው ሁለቱም አዩ። ሰውየው የቤቱን ወርድ ለካ፣ አጥሩን ለካ፣ ከዚያ የፒሩን ግንድ በእጁ መታ መታ አድርጎ የሆነ ነገር ጻፈ።

"ሊሸጡት ነው" አሉ አማቷ። "የሚገዛው ደግሞ መኪና ማቆሚያ ነው የሚሠራበት፤ ዛፍ ምን ያደርግለታል? ፒሬ ባዶውን ሊቀር ነው። ያንን ኮክ መልሺና ሁለተኛ ፒር አምጪ።"

"ገና አላወቅንም እኮ፣ እማዬ።"

"ጠይቂያቸዋ።"

ስልክ ደወለች። የችግኝ ጣቢያው ሰው "እስከ አሥራ አንድ ካመጣሽው እለውጥልሻለሁ፤ ነገ የተረፈውን ጠቅላላ የሚወስድ ሰው ይመጣል፤ የሚሆንሽ ፒር ደግሞ አንዲት ናት የቀረችው" አላት። ከዚያ በኋላ አንድ ዘምዘማ መስፋት አልቻለችም። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ክር ትቆርጣለች፣ የቆረጠችው የማይቆረጠውን ሆኖ ታገኘዋለች። በመጨረሻ ያገኘችውን ጫማ አጥልቃ ሄዳ አንኳኳች። አንኳኩታም ሮጠች።

ሁለተኛ ስትሄድ የራሷን ጫማ አድርጋለች። ማንኳኳት አላስፈለጋትም። ዳኛው በራቸውን ከፍተው ቆመው ነበር።

"አንኳኩቶ መሮጥ ቢጫ ካርድ ነው" አሉ።

"ይቅርታ፣ ጋሼ። ፈርቼ ነው።"

"እኔን? እኔን ተጫዋቾቹም አይፈሩኝም ነበር። ግቢ።"

ግቢያቸው ገባች። ፒሩ ከቅርብ ሲታይ ከጠበቀችው በላይ ትልቅ ነው፤ ወደ እሷ በኩል ያለው ወገኑ ግን ጎድሏል፣ የተቆረጠው ቦታ ጠቁሮ ጠባሳ ሠርቷል። ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። አንዴ ከጀመረች በኋላ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ወጣ፦ ታንከሩ፣ ሁለቱ ጉድጓድ፣ ንቡ፣ አንገተ ረጅሙ፣ የአማቷ ድድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ስለ ልክ ደብተሩ ስትነግራቸው ዳኛው ከንፈራቸውን ነክሰው አጎነበሱ፤ እያሳቃቸው እንደሆነ ገባት።

"አራት ዓመት ስትዘጊኝ ኖረሽ፣ ለካ ስትመዘግቢኝ ነው።"

"ጋሼ፣ ያኔ ስለ ዓይንዎ ያልኩት…"

"ሠላሳ ሺህ ሰው ብሎኛል።" የቅርንጫፉን ጠባሳ በጣታቸው ነካ አደረጉ። "እነሱ ግን ጎረቤቶቼ አይደሉም።"

አንገቷን ደፋች። መሬቱ ላይ ያለፈው ዓመት ፍሬ ደርቆ እንደ ጠጠር ሆኗል።

"የጠዋቱ ሰውዬ ምን ሊለካ ነው የመጣው?"

"ልጄ ናት የላከችው። ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ይገምታል። እሷ ዘንድ ና ትለኛለች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት አለው። እዚህ ብቻዬን ወድቄ እንዳልቀር ፈርታ ነው፤ አልፈርድባትም።"

"እና ይሄዳሉ?"

ዳኛው ግንዱን ተደገፉ። "የሚገርምሽ ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ስወስን ነው የኖርኩት። ፍጹም ቅጣት ምት ነው፣ አይደለም። በቃ። አሁን ስድስት ወር ሙሉ አንድ አዎ ወይም አይ ማለት አቃተኝ። ጠዋት እሄዳለሁ እላለሁ፤ ማታ ይሄን አይና እቀመጣለሁ እላለሁ።"

"ዛፉ እንዳይቆረጥ ብለው ሊገዛ ለሚመጣው መንገር አይችሉም?"

"እነግረዋለሁ። እሺ ይለኛል። ቁልፉን ሲረከብ ምን እንደሚያደርግ እኔ አራተኛ ፎቅ ሆኜ በምን አያለሁ?"

"እንዲያው ቃል ብቻ ይስጡኝ። እቆያለሁ ይበሉኝ። ኮኩን እንድተክለው።"

"ቃል ብሰጥሽ ደስ እንዲልሽ ብዬ ዋሸሁ ማለት ነው፣ ልጄ። እኔ እስካለሁ ዛፉ ይቆማል። እስከ መቼ እንዳለሁ ነው የማላውቀው።"

ተሰናብታ ወጣች። አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል። ታክሲ ካገኘች ሃያ ደቂቃ ነው። በቀጥታ ጓሮ ገብታ ኮኩን ከባልዲው አወጣችው፣ ጆንያውን አጥብቃ ጠቀለለችው፣ ታቅፋው እስከ ብረት በሩ ሄደች። መቀርቀሪያውን ያዘች። ችግኙ ቀጭን ነው፤ ቁመቱ ከክርኗ እስከ ትከሻዋ ያለው ሁለት እጥፍ ቢሆን ነው፤ እንቡጦቹ አበጥ አበጥ ብለዋል። መቀርቀሪያውን ለቀቀችው። እንደገና ያዘችው። ደጅ አንድ ታክሲ ሲያልፍ ሰማች፤ እጇን አላወጣችም። ሌላ አለፈ።

"ምን አሉሽ?" አሉ አማቷ ከመስኮት።

"አላውቅም አሉኝ።"

"እና አንቺ ምን ልታደርጊ ነው?"

ዞረች። ጓሮ ሄዳ ጆንያውን ፈታችና ኮኩን ጉድጓዱ ውስጥ አቆመችው፤ ግንዱ ከሥሩ ጋር የተዳቀለበት ጉብታ ከአፈሩ በላይ እንዲሆን ሰውየው እንደነገራት አድርጋ፣ በእጇ አፈር መለሰችበት። በአካፋ አልነበረም፤ አካፋውን ልታመጣ ብትሄድ ሐሳቧን እንደምትለውጥ ታውቃለች። በጉልበቷ ተንበርክካ በሁለት እጇ ጫነችው። ጥፍሯ ውስጥ አፈር ገባ፤ ነገ የምትሰፋው ነጭ ቀሚስ አለ።

ከዘራ ሲጠቀጠቅ ሰማች። አማቷ ወጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ቆሙ። ምን ሊሉ ነው ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች።

"ዘሟል" አሉ። "ወደ ግድግዳው አቅኚው። ከዚህ በኩል ነፋስ ይመታዋል።"

አቀናችው። አማቷ በከዘራቸው ጫፍ ግንዱን ደግፈው ያዙላት፤ እሷ አፈሩን ረገጠችው።

"ፒሬ ባያፈራ ግን የምጠይቀው አንቺን ነው።"

"እሺ፣ እማዬ።"

"እሺ ብቻ አትበዪኝ። ጥርስ የለኝም፣ ዕድሜም ብዙ የለኝም።"

ይህን ብለው ገቡ። ስልኳ ጮኸ፤ የችግኝ ጣቢያው ሰው ነው፣ ልዘጋ ነው ትመጪያለሽ ወይ ሊላት ነው። አላነሳችውም። ፒሩንም በሁለተኛው ጉድጓድ ተከለችው፣ ለሁለቱም አንድ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላቸው። ቀና ስትል ከማዶ ዳኛው መስኮታቸው ላይ ቆመዋል። እጃቸውን አላነሱም፣ እሷም አላነሳችም፤ ግን ማንኛቸውም ሰማይ አላዩም።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አሁን ኮሪደር ውስጥ መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ እጇን ሁለቴ ታጥባዋለች፣ ጨርቁን ግን ገና አልነካችውም። ሽማግሌው ይሄዱ ይሆን፣ ዛፋቸው ይቆረጥ ይሆን፣ የአማቷ ፒር አንድ ቀን ፍሬ ይይዝ ይሆን፣ ባሏ ሲመጣ ምን ይላት ይሆን፣ ያ ኮክ ራሱ ክረምቱን ይወጣው ይሆን፣ አንዱንም አታውቅም።